መኪና ረጨኝ

ነጠላዬ ላይ፣ ከጥለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ጭቃ አለ። ሦስት ጊዜ ታጥቧል። እናቴ በእንዶድ ሞክራዋለች፤ እኔ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳድሬዋለሁ። ደብዝዞ ቡና የተደፋበት መስሎ ቀረ። ልጥለው አልፈለግሁም፣ ልለብሰውም አልቻልኩም። ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ዐይኔ እሱ ላይ ያርፍና ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ጭቃ መረጨት አዲስ ሆኖብኝ አይደለም፤ የባሕር ዳርን ክረምት በእግሩ ወጥቶ የሚገባ ሰው ስንቴ እንደተረጨ አይቆጥርም። ያቺ ቀን ግን ያላለቀ ነገር ሆና ውስጤ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት

ፍልሰታ ነበር፣ ሁለተኛው ሳምንት። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቼ ወደ ሰፈሬ እየሄድኩ ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳይቀር ነጭ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ የሚያስቀድስበት ወቅት ስለሆነ መንገዱ በነጠላ ተሞልቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ያን ሰዓት ወደ ካፊያ ተለውጧል። ብርድ ነበር እንዳልል፣ የባሕር ዳር ሌሊት ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ነሐሴ በቁጥር ከሄድን ምንም አይደል። የክረምት ብርድ ግን ሌላ ነው። ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ፎጣ ላይ ይውላል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ አብሮ ያድራል። በዚያ ላይ ሆዴ ባዶ ነው።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነው የበቆሎ ጥብስ ሽታ የመጣው።

እማማ (ስማቸውን ዛሬም አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው) ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ክንድ ገባ ብለው፣ እጀታው ከመብራት እንጨት ጋር በገመድ የታሰረ ጃንጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የከሰል ምድጃ፣ ማራገቢያ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ከሰል፣ አንድ ማዳበሪያ እሸት። ንግዳቸው ይኸው ነው።

«ለጋውን ነው ጠንከር ያለውን?» አሉኝ።

«ጠንከር ያለውን፣ እማማ። ጥርሴ ሥራ ፈትቶ ነው የዋለው።»

ሳቁና አንዱን መርጠው ፍሙ ላይ አጋደሙት።

ሰው ሁሉ የየራሱ የክረምት ምግብ አለው። ወንድሜ ገንፎ ካልበላ ክረምት የገባ አይመስለውም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሸክላው እየተንተከተከ የቀረበ ተጋቢኖ ካላየች ሙቀት አይሰማትም። ጾም ሲፈታ ደግሞ ግማሹ ከተማ ወደ ዓሣ ለብለብና ወደ ጉላሽ ይሮጣል፤ ምንም እንኳ በዚያ ሰሞን ብዙው ነጭ ዓሣ ሐይቁን ትቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ቢሆንም። እኔ ግን በቆሎ ነኝ። የቤት አይደለም፣ የመንገድ። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠብሼ አውቃለሁ፤ በቆሎ ይሆናል እንጂ ያ አይሆንም። መዳፍን እያቃጠለ፣ አመዱን እፍ እያሉ፣ ረድፍ ረድፉን ይዞ እየፈለፈሉ፣ ጃንጥላ በብብት ሸጉጦ ቆሞ መብላት አለበት። ምቾት የሚባለው ነገር ለእኔ ትንሽ አለመመቸት ሳይቀላቀልበት አይጥምም መሰለኝ።

እማማ በቆሎውን አንዴ አገላበጡት። ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። ምራቄን ዋጥኩ።

የሞተር ድምፅ ሰማሁና ቀና አልኩ። ነጭ ፒካፕ ነበር። እውነቱን ለመናገር እየበረረ አልነበረም። ግን ቀስም አላለም። ከፊታችን የተኛውን ኩሬ ደረቅ መሬት ይመስል ገባበት። ውሃው ለመታጠፍ እንደተዘረጋ ሸማ ብድግ አለ፣ ከዚያ ወረደ፣ እኛ ላይ።

«ቸስ» አለ ምድጃው።

ጆሮዬ ላይ የቀረው ይሄ ድምፅ ነው። የቀዘቀዘው ውሃ አንገቴ ሥር መግባቱን፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ መጥቆሩን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የእሳቱን መሞት ነው። እንፋሎትና አመድ ተቀላቅሎ ተነሣ፤ እማማ በእንፋሎቱ መሃል ለአፍታ ጠፉብኝ።

«እግርህን ይስበረው!» አልኩ። አልኩ ከማለት ጮህኩ ማለት ይቀላል። የቅዳሴው ጠበል ከከንፈሬ ሳይደርቅ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም። ከኋላዬ ነጭ የለበሱ እናቶች ዞር ብለው አዩኝ።

እማማ እኔን አላዩኝም። ከአመዱ ውስጥ የእኔን በቆሎ እያወጡ ነበር። «ተይ ልጄ፣ ጾም ነው» ብቻ አሉ።

ለብስክሌት የተመቸ ሜዳ

ኩሬው ከየት መጣ? ይሄን ጥያቄ በዚያች ቅጽበት አልጠየቅኩም፤ በኋላ፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከተማችን በብስክሌት የታወቀችው ዳገት ስለሌላት ነው፤ ልጅ ሆነን ከፔዳል ላይ ሳንነሣ ከዳር እዳር እንደርስ ነበር። ታዲያ ለብስክሌት የተመቸው ሜዳ ለውሃም ተመችቶታል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና መንገድ ላይ ቁጭ ይላል። አጠገባችን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ተኝቶ፣ አባይ ራሱ ከዚሁ ደጃፋችን መንገድ ጀምሮ፣ የሰፈራችን ውሃ መሄጃ ያጣል። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። የእኛ መንገድ ኩሬ ግን ውስጡ ጉድጓድ ይኑር ድንጋይ ስለማይታወቅ ታች ያለው አይመስልም።

ቦይ እንኳ አለ። አፉ ተደፍኖ ነው። በምን? በላስቲክ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ደግሞም በበቆሎ ቆረቆንዳ። ይሄን የምጽፈው እያፈርኩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የበላሁትን ቆረቆንዳ የት እንደጣልኩት አውቃለሁ።

ይሄ ግን ለሹፌሩ ይቅርታ አይሆንለትም። ክረምት ሲገባ የመንገዱ ሕግ ሁሉ የሚለወጥ የሚመስላቸው አሉ። ዝናብ ጠብ ሲል ባጃጁ ሁሉ ኮንትራት ይሆናል። በሰው የጫነህ እንደሆነም በጎን የወረደው ሸራ አንዱን ትከሻህን አድኖ ሌላውን ለዝናብ ይሰጠዋል። ፍሬቻ ያለ ሰርግ አይበራም። ክላክስ ደግሞ «አለሁ፣ ተጠንቀቅ» ማለቱ ቀርቶ «ጥፋ ከፊቴ» ሆኗል። ዜብራ ላይ እግርህን ስታስቀድም ፍጥነት የሚጨምር ሰው አለ፤ አንተ እንድትቆም ነው የሚጨምረው፣ ትቆማለህም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይላል ያገሬ ሰው። መስኮት የሚዘጋ ወንበር የሰጠውስ?

አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ስሄድ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም የየራሳቸው መሄጃ ተለይቷል። 380 ሜትር ያህል እንደ ሰው ትሄዳለህ። ድልድዩ ሲያልቅ ተመልሰህ ወደ ጠርዝ ትገባለህ።

«ብር አይነድም»

ወደ ነገሬ ልመለስ። መኪናው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። የፍሬን መብራቱ በካፊያው ውስጥ ቀልቶ ታየኝ። ከዚያ ወደኋላ እየነዳ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ኩሬውን ዞሮ፣ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። ሲመለስ ሳይ ደስ አላለኝም። እንደውም ተናደድኩ። የያዝኩት ንዴት ትኩስ ነበር፣ ሙሉ ነበር፣ ልክ ነበር። የረጨኝ ሰው የማይመለስ ዓይነት ሰው መሆኑን እርግጠኛ ሆኜ ነበር የተራገምኩት። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ልነግራት፣ ለወንድሜ ልደግምለት፣ ማታ ፌስቡክ ላይ ልጽፈው ዓረፍተ ነገሩን መደርደር ጀምሬ ነበር። አሁን ይኸው ታሪኬን ሊያበላሽብኝ መጣ።

መስኮቱ ወረደ። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ፊቱ የደነገጠ ሰውዬ። የውስጡ መስታወት በእንፋሎት ታፍኖ፣ ከፊት ለፊቱ ብቻ በመዳፉ የጠረገው ክብ ቀዳዳ ይታያል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላየሁዎትም።»

«ውሃውንስ?» አሉት።

ትንሽ ዝም አለ። «ውሃውን አየሁት።»

«ታዲያ የውሃ ዳር መቼ ሰው አጥቶ ያውቃል? ያገርህን ስም ረሳኸው?»

ባጃጅ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ኪሱ ገብቶ የ200 ብር ኖት አወጣና በመስኮቱ ዘረጋ። እማማ ኖቱን አዩት፤ ምድጃቸውን አዩት፤ ምድጃው ውስጥ ጥቁር ውሃ ተኝቷል።

«ያዝ ብርህን። ብር አይነድም። ውረድና እሳቴን አንድድልኝ።»

የሚወርድ አልመሰለኝም። እንዳይወርድም ፈልጌ ነበር፤ አልወርድም ቢል ኖሮ እኔ ልክ እሆን ነበር። በሩ ተከፈተ። የወረደበት ጫማ የቢሮ ጫማ ነበር፤ በመጀመሪያው እርምጃ እስከ ካልሲው ገባ።

ፍም

እሳት ማንደድ አይችልም ነበር። ውሃውን ደፋ፣ ደረቅ ከሰል ከላስቲኩ ሥር አወጣ፣ ክብሪት ጫረ፣ ጠፋበት፤ ደገመ፣ ጠፋበት። እማማ እጃቸውን አጣምረው እያዩት «እንዲያ አይደለም» ይላሉ እንጂ አይነኩትም። አራተኛዋ ክብሪት ላይ ራሩለት መሰል በአገጫቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ጀበና ቡና አሳዩት።

«ሂድ ከዚያች ልጅ ፍም ለምነህ አምጣ። እማማ ላኩኝ በላት።»

ሄደ። ልጅቷ በአሮጌ የቆርቆሮ ክዳን ሦስት አራት ፍም አድርጋ ሰጠችው። ሲመለስ ያየሁትን አልረሳውም። አንድ እጁ ክዳኑን በጨርቅ ይዟል፤ በሌላው እጁ ጃኬቱን ከፍቶ ካፊያው ፍሙን እንዳይነካው ጋርዶታል። አጎንብሶ፣ ዐይኑን ከፍሙ ላይ ሳይነቅል፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው እግሩን እየመረጠ ይራመዳል። መንገዱን እንዲህ የሚሻገር ሹፌር ከዚያ በፊት አላየሁም።

መሃል ሲደርስ ባጃጅ መጣ። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ከፍ አደረገ። «ቀስ! ቀስ በል!» አለ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ።

ባጃጁ ፍሬን ያዘ። ጭራሽ ቆመ። አሳልፎት፣ ኩሬውንም በዝግታ ዞሮ ሄደ።

ይሄኛውን ነገር ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላምጬ አልጨረስኩትም። ለምን ቆመለት? ፍም ስለያዘ ነው እንዳልል፣ ከባጃጅ ውስጥ ፍሙ የሚታይ አይመስለኝም። የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው መሃል መንገድ ላይ የቆመው እንደ ባለቤት ነው። እጁን ያነሣው ለትእዛዝ ነው። ከመኪና ሲወርድ መንገዱ የእሱ መሆኑን መኪናው ውስጥ ጥሎት አልወረደም። እኔ በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ተሻግሬያለሁ፤ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ጠርዝ ላይ ቆሜ አጋጣሚ እጠብቃለሁ፣ ሲገኝ ነጠላዬን ሰብስቤ እሮጣለሁ፣ ስሻገር ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰግናለሁ። እማማ ፍም ይዘው ቢሆንስ ይቆምላቸው ነበር? ልጅቷስ ብትሆን? ሰውዬውን ለማድነቅም ለመናደድም የሚበቃ ምክንያት በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ሰጥቶኝ አለፈ።

እሳቱ ተያያዘ። ሰውዬው ሱሪው እስኪጨማደድ ቁጢጥ ብሎ ማራገቢያውን ያራግባል፤ አመዱ ፊቱ ላይ ይበናል፤ ዐይኑ ያለቅሳል። እማማ የእኔን በቆሎ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አስቀመጡት። ሁለታችንም ጎን ለጎን ዝም ብለን ጠበቅን። ልሰድበው ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝም። ይቅር ልለው ፈልጌም አልመጣልኝም።

«ነጠላሽን...» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ጥለቱ እያየ።

«ይታጠባል» አልኩት። ጨክኜ ነው ያልኩት።

እማማ በቆሎውን ለሁለት ሰብረው አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሱ ሰጡን። ሃያ ብር ከእኔ ተቀበሉ። ከእሱ አልተቀበሉም፤ ለምን እንዳልተቀበሉ አልገባኝም፣ በዚያች ሰዓትም ትክክል አልመሰለኝም። የተረጨሁት እኔ፣ የከፈልኩት እኔ! ለእሱ ግን ሌላ ነገር ነገሩት፤ «ቆረቆንዳውን ይዘኸው ሂድ። ቦዩ ውስጥ እንዳትጥልብኝ።» ይህን ሲሉ አንድ ጊዜ እኔንም አዩኝ።

ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ቆረቆንዳውን ከፊቱ መስታወት ሥር አስቀምጦ ሄደ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው። በዚያ ቀን ቀስ ብሎ የማይሄድ ማን አለ?

ማን ረጨሽ

ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር አብሰለስል ነበር። አፋችን ላይ ያለው አነጋገር «መኪና ረጨኝ» ነው። «መኪና ገጨው»፣ «መኪና አስደነገጠኝ»፣ «ባጃጅ ልትገጨኝ ነበር» እንላለን። ሰው የለበትም። ወተት የደፋች ድመት ድመት ነች፤ ሳህን የሰበረ ልጅ ስሙ ይጠራል፤ መንገድ ላይ ግን የሚያደርገው ሁሉ ብረቱ ነው። ሹፌሩም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። «አላየሁዎትም» ሲል የዋሸ አልመሰለኝም። በዚያ በመዳፍ በተጠረገ ቀዳዳ በኩል የታየው መንገድና ውሃ ነው፤ ዳር ያለነው ነጭ ነጭ ነገሮች ነን። እኔም የረገምኩት ነጭ ፒካፕ ነው። መኪና ደግሞ እግር የለው ይሰበራል?

እግር ያለው ሰው ሲወርድ ነው የተቸገርኩት። እርግማኑን አፍ አውጥቼ አላነሣሁትም። ካልሲው እስኪርስ በጭቃ ሲራመድ እያየሁ በልቤ «ደህና፣ አይስበረው» ያልኩ ይመስለኛል፤ እሱም ግን ፍሙ እንዳይወድቅ ብዬ ይሁን ለሰውዬው አስቤ ይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቤት ስገባ እናቴ ሽሮ ጥዳለች። የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ዞር ብላ አየችኝና ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

«ውይ! ምነው ልጄ? ማን ረጨሽ?»

በመንገድ ሁሉ ሳስበው የመጣሁት ነገር ስለነበረ ቃሌን መረጥኩ።

«አንድ ሰውዬ።»

«ሰውዬ?» ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሰውዬ ምን አድርገሽው? በምን ረጨሽ?»

«በመኪና።»

ትክ ብላ አየችኝ፤ ጾሙ ራሴ ላይ የወጣ መስሏት ይሆናል። ከዚያ ማማሰያዋን አንሥታ ወደ ድስቷ ዞረች።

«እና መኪና ረጨኝ አትይም? ልቤን አቆምሽው እኮ! በይ አውልቂውና አምጪው፣ እንዶድ አለ።»